ሊያድን የሮጠው ሁለተኛ ሟች እንዳይሆን
በሥራ ቦታ ስለሚደርስ አደጋና ስለ መጀመሪያ እርዳታ



«የሥራ ቦታ ደህንነት» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። የራስ ቁር ያደረጉ ሠራተኞችና ትልልቅ ማሽኖች ይታዩናል። በሰቆጣና በአካባቢዋ እንዲህ ዓይነቱ ነገር እምብዛም ስለማይታይ ጉዳዩ የሌላ አገር ሰዎች ጉዳይ ይመስለናል። ታዲያ የእህል መጋዘኑስ? ወፍጮ ቤቱስ? ዳቦ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ የሚለስነው ልጅ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው ጎልማሳ፣ በተከዜ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አስጋሪ ሥራ ላይ አይደሉምን? የመስጂዳችን ጄኔሬተር ያለበት ክፍልም ቢሆን ለሚያስነሳው ሰው የሥራ ቦታ ነው።

በዚህ ወር እትማችን አደጋ ከመድረሱ በፊትና በደረሰባት ቅጽበት ምን መደረግ እንዳለበት እንመለከታለን፣ ኢንሻ አላህ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር በአእምሮዎ ይያዙልኝ። ብዙ ጊዜ በአንድ አደጋ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው አደጋው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። የመጀመሪያውን ለማዳን ሌሎቹ ሳያዩ ስለሚሮጡ ነው።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው የመንገዱ ርዝመት ነው። ከጽጽቃ ወይም ከአምደወርቅ ሕመምተኛ ይዞ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እስኪደርሱ ምን ያህል እንደሚፈጅ የተጓዘበት ያውቀዋል። ከዚያ አልፎ ሌላ ከተማ ሪፈር ከተባለ ደግሞ ጉዞው በሰዓት ሳይሆን በቀን የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። የሰው አንጎል ግን ኦክስጅን ካላገኘ ከ4 እስከ 6 ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰውም በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ እዚህ የመጀመሪያው ሐኪም አጠገብ የቆመው የሥራ ባልደረባ ነው። ወደደም ጠላም።

«ቀድሩ ነው» ለሚለው ሰው

ስለ ጥንቃቄ ሲነሳ «የአላህን ቀድር ማን ይመልሳል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። በቀድር ማመን የኢማናችን ማዕዘን ነው፤ ክርክር የለበትም። ሆኖም ቀድርን ለስንፍና ምክንያት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ሊል የፈለገውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰርግ ከተባለው ቦታ በተመለሱ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ቀድር ሽሽት ነውን?» በሚል መንፈስ ጠይቀዋቸው ነበር። የዑመር መልስም ከአንዱ የአላህ ቀድር ወደ ሌላው የአላህ ቀድር መሄድ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ታሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ መሸፈንም እንዲሁ ከቀድር ወደ ቀድር መሄድ ነው።

ጉድጓድ

ዋግ ኽምራ ውሃ የሚናፈቅበት አገር ነው። ጉድጓድ መቆፈርም ሆነ የደረቀ ጉድጓድ ወርዶ ማጥለቅ የተለመደ ሥራ ነው። ለመስጂድ ውዱእ ማድረጊያ ጉድጓድ ማስቆፈርም ትልቅ ሰደቃ ነው። ግን የጉድጓድ አየር እንደ ሜዳ አየር አይደለም። ተከድኖ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ የበሰበሰ ነገርና እርጥበት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ታች ይተኛል። ውሃ ለመምጠጥ የናፍጣ ወይም የቤንዚን ሞተር ወደ ውስጥ ወይም ወደ አፉ ከተጠጋ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል። በመጸዳጃ ጉድጓድ ያለው ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። ሰውየው «ሽታው ቀንሷል» ብሎ ሲወርድ ይወድቃል።

ከዚያ የሚሆነውን መገመት ቀላል ነው። ታች ያለው ዝም ይላል። ወንድሙ ይጣራል፣ መልስ ሲያጣ ይወርዳል። እሱም ሁለት ትንፋሽ ሳይወስድ ይዘረራል። ሦስተኛው ይከተላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም (ናዮሽ) እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በእንዲህ ዓይነት የተዘጋ ቦታ ከሞቱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡት እንደነበሩ ገልጿል። መሣሪያ የሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ምን እንደምንሆን ያስቡት።

ስለዚህ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ከመውረዱ በፊት በደረቱና በብብቱ ሥር ጠንካራ ገመድ ይታሰር። ገመዱን የሚይዙ ቢያንስ ሁለት ጎልማሶች ላይ ይቁሙ፤ በየደቂቃው እያነጋገሩትም ይቆዩ። መልስ ከዘገየ ማንም አይወርድም፤ ገመዱ ይሳባል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ገመድ ሳይታሰር ለወረደ ሰው ከላይ የቆመው ሊያደርግ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው።

አባቶቻችን ኩራዝ ወይም ሻማ አስረው ያወርዱ ነበር። ከጠፋ አይወረድም፤ በዚህ ልክ ነበሩ። ነገር ግን ሻማው ስለበራ ብቻ ጉድጓዱ ሰላም ነው ማለት አይደለም። እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚኖር ራሱ ፍንዳታ ያመጣል። ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ደጋግሞ እያወረዱና እያወጡ አየሩን ማነቃነቅ ይጠቅማል፤ ገመዱን ግን አይተካም።

የነቀዝ መድኃኒት

ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ «የነቀዝ ክኒን አለ?» እባላለሁ። የለም፤ በፋርማሲም ሊኖር አይገባም። ክኒን የሚለው ስም ራሱ ያሳስተናል። ፎስቶክሲንና ሴልፎስ በሚሉ የንግድ ስሞች የሚታወቀው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ይሸታል። አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ጋዝ አያስቀርም። ማርከሻም የለውም፤ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ልብንና ትንፋሽን መደገፍ ብቻ ነው።

አደጋው ይበልጥ የሚከፋው መጋዘንና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ነው። ነጋዴው እህሉን መድኃኒት አድርጎበት ሸራ ያለብሳል፤ ከግድግዳው ማዶ ልጆች ይተኛሉ፣ ወይም እህሉን የሚጠብቀው ወጣት ጆንያው ላይ ያድራል። ጋዙ በስንጥቅና በኮርኒስ ያልፋል። ሌሊት የመጣውን ማስመለስና የደረት መጨነቅ ሰዎች የምግብ መበከል ነው ብለው ወተት ሲያጠጡ ይነጋል።

እባክዎን ሰው በሚተኛበት ቤትና ከእሱ ጋር በሚዋሰን ክፍል ይህን መድኃኒት ጭራሽ አይጠቀሙ። ሰው በማይኖርበት መጋዘን ከሆነም የሥራው ሥልጠና ያለው ሰው ይሥራው፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልቅ ቁልፍ ይያዝ፣ በር ላይ ምልክት ይደረግ፣ ሲከፈትም ቀድሞ አየር ይግባበት። ውሃ አይንካው። ቆጥሮ በብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ መሸጥ ይቅር፤ ገዢው የሚያነበው ማስጠንቀቂያ አብሮ ይቀራልና። የቀረውን ደግሞ ቆልፈው ያስቀምጡ። ይህን የምለው ለሕፃናት ብቻ አይደለም። በጭንቀት ላይ ያለ የቤተሰብ አባል በክፉ ሰዓት በቀላሉ እንዳያገኘውም ጭምር ነው።

ማላታዮንና የመሳሰሉት የሚረጩ ፀረ ተባዮች ሥራቸው ሌላ ነው። በቆዳም ይገባሉ። የተመረዘው ሰው ምራቁና እንባው ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት በጤና ተቋም ይሰጣል፤ ስለዚህ ፈጥኖ መድረስ ሕይወት ያድናል። እስከዚያው ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡለት። እርስዎ ግን ባዶ እጅዎን አይንኩት። ጓንት ከሌለ ሁለት ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ።

የትኛውንም መርዝ ለዋጠ ሰው ጣት ጎሮሮው ውስጥ ከተው አያስመልሱት፤ ወተትም ዘይትም አይስጡት። አፍ ለአፍም አይተንፍሱለት፤ መርዙ ወደ እርስዎ ያልፋል። ዕቃውን፣ ሌላው ቢቀር የወረቀቱን ቁራጭ፣ ወደ ሐኪም ቤት ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሕክምናውን የሚመርጠው በዚያ ነው። ፀረ ተባይ በሃይላንድ ጠርሙስ መገልበጥን በተመለከተ የምለው አንድ ቃል ነው፦ አይደረግ!

ወፍጮ፣ ከሰልና ሽቦ

ወፍጮ ቤት ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ቺንጋ በብዙ ቦታ ክፍት ነው። የነጠላ ጫፍ፣ የሒጃብ ዘርፍ ወይም የጋቢ ጥለት ከነካው ሰውን ይዞ ይሄዳል። ወፍጮ ቤቱ ቺንጋውን በእንጨት ወይም በሽቦ አጥር ይጋርድ። አጥሩ ከአንድ ቀን የማይበልጥ ሥራ ነው። እስኪሠራ ድረስ እህል የምታስፈጭ እህት ሒጃቧን ሰብስባ በልብሷ ውስጥ ታስገባ፣ ልጅም ይዛ አትቅረብ።

ደጋው ብርድ ነውና ሱቅ ወይም ጥበቃ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ አለ። የከሰል ጭስ ሲጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስለናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚበዛው ያን ጊዜ ፍም ላይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መኝታ ስንሄድ በቤት ውስጥ እሳት እንዳንተው ማዘዛቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ጄኔሬተርም እንዲሁ በክፍል ውስጥና በመስኮት ሥር አይነሳም። በመስጂድ ጓዳ አስነስተን በር የምንዘጋው ድምፁ ሶላት እንዳይረብሽ ብለን ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን ስህተት ነው።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ የሚስብ ሁሉ አብሮ ይያዛል። መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ይጥፋ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ሽቦውን ያርቁት። ይህ ለቤት ውስጥ መስመር ነው። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ ግን በምንም አይንኩት፤ ራቅ ብለው ሰው ይከልክሉ፣ ለመብራት ኃይል ይደወል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ያለፈበት መሬት ላይ ደግሞ የማይታወቅ ብረት ሊኖር ይችላል። ቁርጥራጭ ብረት የምትገዙና የምትበይዱ ወንድሞች፣ ምንነቱን ያላወቃችሁትን ብረት አትቀበሉ፣ አታሙቁ፣ አትምቱ። ሕፃን ይዞት ከመጣም አትቆጡት፤ መሬት ላይ ቀስ ብሎ እንዲያስቀምጥና እንዲርቅ አድርጋችሁ ለፖሊስ አሳውቁ።

ከደረሰ በኋላ

ደም በኃይል ከፈሰሰ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገው በሁለት እጅ አጥብቀው ይጫኑ። እየገለጡ አይዩት። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ይጨምሩ። የተሰካ ብረት ወይም እንጨት አይነቀልም። የእጅ ወይም የእግር ደም በመጫን አልቆም ካለ ብቻ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ በእንጨት እየጠመዘዙ ደሙ እስኪቆም ይሰሩት። ቀጭን ገመድና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል። የታሰረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሐኪም ቤት እስኪደርስም አይፍቱት።

ቡና መነስነስ ደሙን ሳይሆን ዓይናችንን ነው የሚያቆመው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ቡናውን ሲያጥብ ጊዜ ይሄዳል። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መበተንም ከእኛ መስኮት ገዝተው የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። አይጠቅምም፤ ጀርሙን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። አፈር የነካው ወይም የጠለቀ ቁስል ያለው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

ለቃጠሎ የታወቀው ምክር ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ቧንቧ በሌለበት፣ ውሃ በጄሪካን በሚገዛበት ቦታ ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። የተቃጠለውን ክፍል ንጹሕ ሳፋ ላይ ይዘው በጣሳ ያፍሱበት፤ የወረደውን ያንኑ ውሃ እየቀዱ መልሰው ያፍሱ። አንድ ጄሪካን ይበቃል። ዳቦ ቤትና ብየዳ ቤት አንዲት የሞላች ጄሪካን ለዚህ ብቻ ማኖር አለባቸው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አይቀቡ። የዋግ ማር የታወቀ ነው፤ በማር ውስጥ ፈውስ እንዳለም በሱረቱ ነሕል ተነግሮናል። ቢሆንም ትኩስ ቃጠሎ ላይ ከገበያ የመጣ ማር አይቀባም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀቱን ማውጣት ነው። ሲሚንቶ ወይም ኖራ ዓይን ከገባም መፍትሔው ውሃ ነው፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ።

ከመወጣጫ የወደቀውን ሰው በሁለት እጅና በሁለት እግር አንጠልጥለው አያንሱት፤ የጀርባ አጥንት ከተሰበረ ያ ማንሳት ሽባ ያደርገዋል። እንደ ሰሌዳ ቀጥ ባለ ነገር ላይ፣ አንገቱን ይዘው፣ አራት ሰው ሆነው ያዙሩት።

ተጠርቶ የማይመልስና የማይተነፍስ ሰው ሲሆን የእጅዎን ተረከዝ በደረቱ መሃል አጥንት ላይ አድርገው፣ ሁለተኛውን እጅ ደርበው፣ ክንድዎን ሳያጥፉ 5 ሣንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ያደክማል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር ይቀያየሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሴት ስትወድቅ ወንዶች «አጅነቢ ናት» ብለው ዙሪያዋን ቆመው ሴት ፍለጋ የሚልኩበት ጊዜ አለ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ አላህ ይጨምርልን። ሆኖም ዑለማዎቻችን ያስተማሩን የፊቅህ መርሕ ብርቱ ችግር ክልክሉን እንደሚያስፈቅድ ነው። ነፍስ ማዳን ከዚህ የሚበልጥ ችግር የለውም። ልብሷ ላይ ሆኖ ደም ይጫናል፣ ደረት ይጫናል። ሌሎቹ ጋቢ ዘርግተው ይጋርዷታል። ኢማሞቻችን ይህን በአንድ ኹጥባ ቢያነሱት የእኔን መቶ ጽሑፍ ይበልጣል።

ለአሠሪዎች

ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን 155ኛ የሥራ ደህንነትና ጤና ስምምነት ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ቦታውን ከአደጋ የጸዳ እንዲያደርግ፣ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ጉዳት ሲደርስም የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ተጎጂውን በቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤት ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊነት አለበት። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውም አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም።

ነጋዴ ወንድሞቼ፣ ለተጎዳ ሠራተኛ ያወጣችሁትን የሕክምና ገንዘብ ሰደቃ ብላችሁ አትመዝግቡት። የሠራተኛው ሐቅ ነው። የሙያ ጓንትና የብየዳ መነጽርም እንዲሁ (የፀሐይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም)።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ጥንድ ጓንት፣ ጎዝ፣ ሰፊ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ የታጠበና የተተኮሰ አሮጌ ነጠላ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። አንቲባዮቲክ አይግባበት። ሳጥኑ አይቆለፍ፤ ቁልፉ የባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ባለቤቱ ዙህር ሶላት ሄዶ ሲፈለግ ሰው ይሞታል።

የወረዳዎን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ዛሬውኑ ከጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቀው በግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፉት፤ በስልክዎ ብቻ ከያዙት እርስዎ የወደቁ ቀን የሚያውቀው የለም። ሲደውሉ ቦታውን ከመስጂዱ ተነስተው ያስረዱ፣ የተጎጂውን ቁጥር ይናገሩ፣ ሌላኛው ወገን ሳይዘጋ አይዝጉ። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ አስፋልቱ ይላኩ። ሌሊት ከሆነ ባትሪ ይያዝ፤ ቤቶቻችን ቁጥር የላቸውምና መኪናው የሚያየው ያንን መብራት ነው።